በጣትሽ አሳዪኝ

ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ በዕድሜ በሚያንሱኝ አስተማሪዎች ፊት ተቀምጬ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በሚያነበው ነገር ቀልድ አያውቅም። አንድ መስመር ሳይገባኝ ካለፈ ተመልሼ ከምዕራፉ ራስ እነሳለሁ። ደሴ ፒያሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጽሐፍ ቅዱሴን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ፣ ከንፈሬን እንኳ ሳላንቀሳቅስ አነብ ነበር።

ይህን ልማዴን ያስተወችኝ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። ፋብሪካ ውስጥ የክር ማሽን ላይ ትሠራለች፤ ጩኸት ውስጥ ስለምትውል ከፋብሪካው ውጭም ስትናገር ትጮኻለች። የያዝኩትን አየችና፣ "ለራስሽ ብቻ ነው እንዴ የምታነቢው? ጮክ በይ እንጂ፣ እኔም ከፍዬ ነው የተሳፈርኩት" አለችኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። አፈርኩ፤ ግን አነበብኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን፣ ሙቀቱ መጥቶ ሹራቤን ሳወልቅ፣ የዮሴፍን ወንድሞች ከእኔ በተሻለ እንደምታውቃቸው ገብቶኝ ነበር። ማንበብ ግን አትችልም። ሁሉንም ከቤተ ክርስቲያን በጆሮዋ የለቀመችው ነው።

እንዲህ ጀመርን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች። ወር ሳይሞላን የፋብሪካ ጓደኞቿ መምጣት ጀመሩ። መቀመጫ ሲጠብ፣ ከአከራይዋ ከሐጂ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዋስን።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ሔዋን በለስ በላች አልኩ፣ እንደ ዋዛ።

"በጣትሽ አሳዪኝ" አለች።

መነጽሬን አስተካክዬ፣ ምዕራፉን በጣቴ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ፍሬ ይላል፤ የምን ፍሬ እንደሆነ አይልም። በለስ የሚመጣው ኋላ፣ ቅጠሉን ሰፍተው ሲያገለድሙ ነው። በማንበቤ ስኮራ የኖርኩት ሴትዮ፣ የሰማሁትን እንዳነበብኩት አድርጌ ይዤው ኖሯል። "ባለመነጽሯ ወደቀች" ብላ አሳቀችብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጋችን ይህ ሆነ፦ ተጽፏል ያለች ሁሉ በጣቷ ታሳያለች። ማንበብ የማትችለዋን እጇን ይዤ እመራታለሁ። በዚሁ መንገድ ጓደኛዬ ፊደል መለየት ጀመረች። ጽሑፉ ብቻውን የማይፈታውን፣ የአባቶችን ትርጓሜ የሚፈልገውን ጥያቄ ደግሞ፣ አዋቂ ስናገኝ እንድንጠይቅ በደብተር አሰፍር ነበር።

ወሬ አይቀርም። ሁለት ሴቶች ጉባኤ አቋቋሙ፣ አንዷ ደግሞ ማይም ናት ተባለ። ጴንጤ ሆኑ ተባለ፤ ጾም ገድፌ የማላውቀው እኔ። በመጨረሻ የብዙዎቹ ሴቶች የነፍስ አባት የሆኑት ካህን አንድ እሁድ ራሳቸው መጡ። መስቀል ተሳልመን አግዳሚው ላይ አስቀመጥናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሰባኪ እንደሚልኩልን፣ እሱ እንደሚመራንና እኛ እንደምናዳምጥ፣ እስከዚያው ግን ስብሰባው እንዲቀር በለሆሳስ ነገሩን።

ሰባኪ ጠልቼ አይደለም። ግን ምን እንደምናጣ አውቄዋለሁ። እነዚህ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ የሚያዳምጡ ናቸው፤ ፋብሪካ አለቃውን፣ ቤት ባልን። አፋቸውን ሞልተው የሚጠይቁት እዚያ አግዳሚ ላይ ብቻ ነበር።

አባ ቀጠሉ። "የተማረ ወንድ ይምራችሁ ማለቴ ለክፉ አይደለም፣ ልጆቼ። ሔዋንም የተታለለችው ብቻዋን ሆና ነው።"

ጓደኛዬ ያን ቀን አልጮኸችም። "አባ፣ ይፍቱኝ። ብቻዋን እንደነበረች በጣትዎ ያሳዩኝ።"

መጽሐፉን ገልጬ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። ቦታውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ለባሏ እንደሰጠችው፣ እሱም አብሯት እንደበላ የሚለው ጋ ዓይናቸው ሲቆም አየሁ። ጣታቸውን ግን አላነሱም።

"ትርጓሜው ሰፊ ነው" አሉ።

ሰው መሐል ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። "ያስተምሩን፣ አባ፣ እናዳምጣለን። ጥያቄያችንን ጽፈን አስቀምጠናል፤ ደብተሩ ይኸው። ማንበባችንን ግን አናቋርጥም። እኛው እንመራዋለን።"

ደብተሩን አልተቀበሉኝም። ከዚህ በኋላ እኔ የለሁበትም ብለው ተነሡ። ሲወጡ መስቀሉን ለጓደኛዬም ለእኔም ዘረጉልን፤ ተሳለምን። ይህንንም መዝግቤዋለሁ፤ የሆነ ነገር ነውና።

በሚቀጥለው እሁድ ከአሥራ አንድ ሴት አራት ቀረን። መምጣት ካቆሙት አንዷ መንገድ ላይ አይታኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። አልፈርድባትም፤ ግን ለእሷ ብዬም አልዘጋሁም። ቀድሞ ለአሥራ አንዳችን የጠበበችው ክፍል ሰፍታ ታየችኝ።

ሐጂ የሆነውን ሰምተው ኖሯል። በር ላይ ቆመው፣ ሰው ካነሰ አግዳሚውን ልውሰደው ወይ፣ ለዱዓ እንግዶች አሉብኝ ብለው በትሕትና ጠየቁ።

"ለዱዓው ራሴ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ፣ ሐጂ፤ በማግሥቱ ደግሞ እመልሰዋለሁ" አለች ጓደኛዬ፣ በፋብሪካ ድምፅዋ። "ገና ዘፍጥረት ላይ ነን።"

"ወላሂ፣ እንግዲያው ሌላም ወንበር ያስፈልጋችኋል" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

አራታችን አግዳሚው ላይ ዘና ብለን ተቀመጥን። የት ነበርን አልኳት፣ እያወቅኩ። ገጹን ራሷ ፈልጋ ጣቷን አሳረፈች። ልክ የቆምንበት መስመር ላይ ነበር።