ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ታይዋን ዝግ ነው

ቅጹ አንድ ገጽ ነበር። ይህን የማስቀድመው የምኮራበት ሌላ ነገር ስላልተረፈኝ ነው። ደም የሚፈስሰው ሰው የተረከበ ነርስ ሦስት ገጽ እንዲሞላ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ተከራክሬ፣ ሳምንት ሙሉ መስመር በመስመር እየቀነስኩ፣ ቅጹን በአንድ ገጽ ጨረስኩት። የመጨረሻዋን ትርፍ መስመር ሰርዤ ገጹ ሲገጥም የተሰማኝን እርካታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የምርምር አስተባባሪ ነኝ። በመጀመሪያ ዲግሪዬ ነርስ፣ በሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ በመሆኔ ነርሶቹ ከነርስነት የወጣሁ፣ ሐኪሞቹ ደግሞ ሐኪምነት ያልደረስኩ አድርገው ይቆጥሩኛል። ቁጥር ሲያስፈልጋቸው ግን ሁለቱም ወገኖች በሬን ያንኳኳሉ፤ ቁጥሬ አይሳሳትም ይባላልና። ይህን ወሬ አንድም ቀን አስተባብዬ አላውቅም።

በቅርብ ዓመታት ስለ አደጋ ሕክምናና ስለ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚወጡት ጥናቶች ዞረው ዞረው ስለ ጊዜ ናቸው። ደም መፍሰስን የሚገታው መድኃኒት ቶሎ ሲሰጥ ይጠቅማል፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና አጭር ይሁን፣ ደሙ ይቁም፣ የቀረው በሌላ ቀን ይጠገናል ይላሉ። እኛም የበኩላችንን ልናበረክት ተነሣን። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፦ የተጎዳ ሰው በራችን ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪደርስ ምን ያህል ይቆያል? እንደ ጉዳቱ ክብደት ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አምባር በእጁ ቢታሰርለትስ ጊዜው ያጥራል? የአምባሩ ሐሳብ የጥናቱ መሪ የሆነው ቀዶ ሐኪማችን ነበር። እጁ የተባረከ ሐኪም ነው፤ ይህን ያለ ምንም ምጸት እናገራለሁ።

ነርሶቹን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ የግማሹም ግማሽ ሻይ ነበር። «የመድረሻ ሰዓት ማለት ሕመምተኛው የግቢውን በር ያለፈበት ነው፤ እናንተ ጠረጴዛችሁ ጋ የደረሳችሁበት አይደለም» እያልኩ ሳስረዳ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ነርስ እጁን አወጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ንግግሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አሳልፎ በሶማልኛ የሚጨርስ የድሬ ልጅ ነው።

«ሲስተር፣ ይቺ ሰዓት የምትባለው የሐበሻ ናት የፈረንጅ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«መመሪያው ቅጹ ላይ ተጽፏል» አልኩት።

«አቦ፣ አነበብኩት እኮ። የለም።»

«እንግዲያው በጥሞና አንብበው» አልኩና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍኩ። መመሪያውን በገዛ እጄ እንደጻፍኩት ጥርት ብሎ ይታወሰኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ አምባር መዘገብን። ነርሶቹ የመድረሻውን ሰዓት ይጽፋሉ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተገባበት ሰዓት ደግሞ ከዚያው ክፍል መዝገብ ይገለበጣል። እኔ ሁለቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ አንዲት ነጥብ ሳልነካ፤ ጥሬ መረጃን መነካካት በሙያችን እንደ ኃጢአት ይቆጠራል። ከዚያ አምባሮቹ ከአንድ ለጋሽ ድርጅት በካርቶን ታሽገው መጡ። በዚያው ካርቶን ውስጥ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚታይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓትም ነበር፤ በድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በምስጋና ደብዳቤያችን ላይ አምባሮቹን ብቻ ጠቀስን።

ውጤቱ ተአምር ነበር። አምባሮቹ ከመጡ ወዲህ የሕመምተኞች ቆይታ በስድስት ሰዓት ገደማ አጠረ።

«ስድስት ሰዓት!» አለ ቀዶ ሐኪሙ ሠንጠረዤን ይዞ እየተንጎራደደ። «በጨርቅ አምባር ስድስት ሰዓት! ሲስተር፣ ይህን ለጉባኤ ካላቀረብነው ወንጀል ነው።»

ስድስት ሰዓት። ይህ ቁጥር በማናቸውም ኢትዮጵያዊ ጆሮ ላይ ሊያቃጭል በተገባው ነበር። እኛ ግን የተማርን ስለሆንን አላቃጨለብንም። ቀድሞ ሕመምተኞቻችንን ያን ያህል ስናስጠብቅ መኖራችንን የተጠራጠረም አልተገኘም፤ ስለ ራሳችን ክፉ ሲነገረን ለማመን የምንፈጥን ትሑታን ነን። ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ጽሑፉ ላይ ስሜ ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

ከአምባሩ ወዲህ ከተመዘገቡት መካከል ግን አንዲት ሕመምተኛ ከግራፉ ሥዕል ውጭ ብቻዋን ቀረች። ባጃጅ ገጭቷት ጣፊያዋ የፈነዳ ሴት ነበረች። የመድረሻ ሰዓት 4:10፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባችበት 10:55። የተቀበላት ያ የኋላ ወንበሩ ነርስ ነው። ሴትየዋ ድናለች፤ ሥዕላችን ግን ቆስሏል።

የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ነርሱን አስጠራው። እኔና ቀዶ ሐኪሙም ተገኘን።

«ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ!» አለ ኃላፊው። «ሴትየዋ ሆዷ ውስጥ እየደማች! በዚህን ያህል ሰዓት እኮ ሰው ጅቡቲ ደርሶ ሻይ ይጠጣል።»

«ወላሂ ሮጫለሁ» አለ ነርሱ።

«መሮጥህን ወረቀቱ አያውቅም።»

«እሱማ እኔ ስሮጥ ነበርኩ፤ ወረቀት ላይ ሰዓት ከሰዓት ስትቀንሱ ነው የቆምኩት። ሲስተር፣ አንቺም አይተሽኛል እኮ! በኮሪደሩ ሳልፍ ልገጭሽ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ አይቼው ነበር። ፋይሌን ከእጄ ሊያስጥለኝ ምንም አልቀረውም፤ ተቆጥቼውማለሁ። ስብሰባው ላይ ግን እኔ ምስክር ሳልሆን መረጃ ያዥ ነበርኩና «የተመዘገበው ይህ ነው» ብቻ አልኩ። ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተረቅቆ ሐሙስ እንዲፈረም አዘዘ። ነርሱ ፊቱ አመድ መሰለ። በማደንዘዣ ሙያ ለመማር ተመርጦ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ በማኅደሩ የተቀመጠበት ሠራተኛ ደግሞ ለትምህርት አይላክም። ዕድሉን ለማግኘት ስንት ዓመት ተራ እንደጠበቀ ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል።

ማክሰኞ ዕለት ሕመምተኛዋ ለክትትል መጣች። የመልካ ጀብዱ አትክልት ነጋዴ ናት። አንድ ፌስታል ሎሚ አንጠልጥላ የቢሮዬን በር ገፋ አደረገችው።

«ያ ዶክተሩ የታል? ያ ረጅሙ፣ ሯጩ?»

«ነርስ ነው» አልኳት፤ ማስተካከል ልማዴ ነው።

«ለእኔ ዶክተር ነው፣ ተይ። ግቢ በር ላይ ከባጃጅ አውርዶ ተሸክሞኝ ነው የገባ። ልክ ሲያነሳኝ ደሞ የእጅ ሰዓቱን አየ! እኔ ልሞት ነው፣ እሱ ሰዓት ያያል አልኩ በሆዴ። ደሞ ብርድ ልብሴ ጠፋ። ለልጄ ሠርግ ብዬ ታይዋን ገበያ የገዛሁት፣ ያን የመሰለ ብርድ ልብስ! ሱቁን ሲከፍት ጠብቄ፣ የመጀመሪያ ገዢ ነኝ፣ ገበያህን ላሟሽልህ ብዬ አስቀንሼው ነበር።»

«ሱቁ በስንት ሰዓት ነው የከፈተው?» አልኳት፤ ለምን እንደጠየቅኩ ገና አላወቅኩም።

«በሦስት ነዋ! አቦ፣ ታይዋን በስንት ይከፈታል? አንቺ የድሬ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ድሬ ኖሬአለሁ። ሎሚውን ተቀብዬ ለነርሱ እንደማደርስ ቃል ገብቼ ሸኘኋትና ቅጹን አወጣሁ። «አደጋው የደረሰበት ቦታ፦ ታይዋን፣ ዕቃ ገዝታ ከሱቅ ስትወጣ» ይላል። ከጎኑ 4:10። እኛ እንዳነበብነው ከሆነ ይህ ሌሊት አስር ሰዓት መሆኑ ነው። ሦስት ባለ ዲግሪዎች ተሰብስበን፣ አንዲት ሴት ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ታይዋን ገበያ ብርድ ልብስ ገዝታ ስትወጣ ባጃጅ ገጫት የሚለውን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀብለናል። ሰውየው የጻፈው ጠዋት አራት ሰዓት ከአስር ነበር። ባሠለጠንኩት መሠረት ግቢው በር ላይ፣ በእጁ ላይ ካሰረው ሰዓት አንብቦ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መዝገብ ደግሞ ከውጭ ከመጣው የማደንዘዣ መሣሪያ ሰዓት ይገለበጣል፤ 10:55 ማለት በእኛ አራት ከሃምሳ አምስት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ። ከመዘገብናቸው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቅጾች መግለጥ ጀመርኩ። ለምሳ ወጥቶ በሙቀቱ አመካኝቶ የቀረው ሰው ሁሉ ሲመለስ እኔ ገና እገልጥ ነበር። ነርሶቹ ያኔ ሁሉም በሐበሻ ሰዓት ጽፈዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ስድስት ሰዓት ያስጠበቁ መስለዋል። ቀዩ የግድግዳ ሰዓት ከተሰቀለ በኋላ ግን ከእሱ ገለበጡ፤ እሱም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የተአምራችን ባለቤት አምባሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነበር።

የቅጹን ረቂቅ ከኮምፒውተሬ ፈልጌ ከፈትኩ። መመሪያው ነበረ፦ «ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ።» በላዩ ላይ የመሰረዣ መስመር፣ ከጎኑም በስሜ የሰፈረ ማስታወሻ፦ «ይህ ማንን ይጠፋዋል? ቦታ ይቆጥባል።»

ለቀዶ ሐኪሙ ሁሉንም አስረዳሁት። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብርቅ ቢሆንም እኔ ሐኪምን አንተ ማለት አልለመድኩም።

«አምባሩስ?» አለ።

«አምባሩ የለወጠው ነገር የሚታይ አይደለም፣ ዶክተር። እርስዎ ያዩትን ቆይታ ያሳጠረው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ነው።»

«ለእሱ ብቻ ብናርምለትስ? የአንድ ሰው ስሕተት ነው ብለን?»

«ስድስት ሰዓቱ ከእሱ ከተነሣ ከሁሉም ይነሣል።»

መስኮቱን እያየ «ማስጠንቀቂያ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው» አለ። «ሰው አይሞትበትም። ትምህርቱን ከርሞ ይሄዳል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ቀድሜው እኔው ለራሴ ነግሬው ነበር፤ ያውም ይበልጥ በተስተካከለ አማርኛ። ሁለት ሌሊት የተኛሁት ከስሜ ጋር ነው፤ ቁጥሯ አይሳሳትም ከሚለው ስሜ ጋር። ጥሩ የመኝታ ጓደኛ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባው ላይ የተረቀቀው ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፍቷል።

«ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ታይዋን በስንት ሰዓት ይከፈታል?»

«ምን ልትገዢ ነው?» አለ ኃላፊው። «በሦስት ሰዓት።»

ቅጹን አስቀመጥኩለት። አነበበ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ወራት ክምር አጠገቡ ሳስቀምጥ ቀዶ ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህን ቅጽ ማን ነው ያዘጋጀው?» አለ ኃላፊው በመጨረሻ።

«እኔ።»

«መመሪያ የለውም እኮ።»

«ነበረው። ሰርዤው ነው።»

የነርሱ ማስጠንቀቂያ ተቀደደ። ቀዶ ሐኪሙ ጽሑፉን ከጉባኤው አወጣ፤ ሳምንት ያህል ሰላም ሳይለኝ ቆይቶ፣ በስምንተኛው ቀን ራሱ መጥቶ «እንደገና እንጀምረው፣ በሁለት ገጽ» አለኝ። ነርሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሎሚውን ፌስታል ሰጠሁት። ያዘጋጀሁትን የይቅርታ ንግግር ልጀምር ስል ግን ቀደመኝ።

«ሲስተር» አለኝ ከት ብሎ እየሳቀ፣ «አሁን በጥሞና አነበብሽው?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሎሚውን ጨርሶ ይሁን ይዞ አላውቅም፣ ለትምህርቱ ሄደ።

የማስጠንቀቂያው ድካምም አልባከነም። ኃላፊው ረቂቁን በኮምፒውተር አስቀምጦት ስለነበር ስሙ ተለውጦ ለእኔ ወጣ፤ «ለሥራ በሚገባው ጥንቃቄ ባለመሥራትዎ» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ የመጀመሪያዬ ነው። ለመቀበል መዝገብ ቤት ወረድኩ። ጸሐፊዋ ትልቁን መዝገብ ዘርግታ «የተረከቡበት ቀንና ሰዓት» የሚለውን ዓምድ በጣቷ አሳየችኝ። እስክሪብቶውን አንሥቼ ቆምኩ።

«ይህ ሰዓት የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተራ ይዘው ወደሚጠብቁት ሰዎች ዞር ብላ ሳቀች።

«አቦ ሲስተር፣ ይህ ደግሞ ማንን ይጠፋዋል?»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ዓምዱ ጠባብ ስለነበር ሁለተኛው ከመስመሩ ውጭ ወጣ።