በሁዳዴ የመጣ ወተት

«ነጋዴ በእርዳታ ምን አገባው?» የሚለኝ ሰው ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ምን አገባኝ? ደጃፌ ላይ ነው እኮ የወደቁት!

ያኔ ሞጣ ላይ እህልና ጨው እነግድ ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት ከዓባይ ማዶ የተራቡ ሰዎች ቆላውን አቋርጠው፣ ገደሉን ወጥተው መጡብን። የወረዳችን ሹም መጀመሪያ «ረሃብ የሚባል ነገር የለም» አለ። ሲበዙበት ጊዜ በቢቸና በኩል አንድ መኪና እርዳታ አስመጣ። እሰይ ብለን ወጣን። ለካ የጫነው የዱቄት ወተት ብቻ ኖሯል። በሁዳዴ! እኔ ሙስሊሟ የማውቀውን እሱ ጿሚው እንዴት ይጠፋዋል?

ሱቄ በረንዳ ላይ አንዲት አራስ ተኝታ ነበር። ወተቱን በጣሳ ሲሰጧት «ጾም ነው እኮ፣ እንዴት አድርጌ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ቄሱ ራሳቸው መጥተው «አራስ አትጾምም፣ ልጄ» ቢሏት እምቢ አለች። ልጇ ደረቅ ጡት ይዛ ስታለቅስ ዋለች፤ ኋላማ ማልቀሱም ደክሟት ዝም አለች። ወላሂ፣ ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ጓዳዬ ውስጥ ለበቅሎ ነጂዎቼ ስንቅ ያስፈጨሁት በሶ ነበር። ነጂዎቼ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። ጾም ሆነ ፍስክ፣ ማገዶ ኖረ አልኖረ፣ በሶ ሁሉም ይበላል። ይህን ሹም አላስተማረኝም፤ ንግዴ ነው ያስተማረኝ። በውሃና በጨው በጥብጬ ሰጠኋት። ጠጣች። ከዚያማ መጋዘኔን ከፍቼ ያለኝን ገብስ ሁሉ ለበሶ አስቆልቼ ለመጡት ሁሉ ማደል ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ሹሙ ማሸጊያ ሰም ይዞ ከተፍ አለ።

«ያለ ፈቃድ ሕዝብ ትሰበስቢያለሽ! እርዳታ የመንግሥት ሥራ ነው። ይሄ ሱቅ ይታሸጋል!»

አራሷ እዚያው በረንዳው ላይ ናት። ልጅቷ ስትጠባ፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ ይሰማል።

«በሉ ያሽጉ፣ ጌታዬ!» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ያችን ልጅ ከእናቷ ጡት ይንጠቋት! እስቲ ይንጠቋት!»

ልጅቷን አያት። መሬት መሬት እያየ ሱቄን አሽጎ ሄደ።

እኔም በማግስቱ መኖሪያ ቤቴ ውስጥ በሶ መበጥበጥ ጀመርኩ። ሁለት ነጋዴዎች ገብስ የጫኑ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ መጥተው ግቢዬ ውስጥ አራገፉ። እስቲ አሁን ሁላችንንም ያሽገን!