ስንመራ የጀመርኳት የሽንፈት ዘፈን

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቀበና ሰፈራችን ሜዳ ላይ ነው። ጎሚስታ ቤቴ ጎማ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ እስካሁን "እስቲ ንገረን" ይለኛል። በሰው አፍ እየተዛባ ከሚዞር ባለቤቱ ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሰፈራችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አስጨፋሪ ነኝ። ከበሮውም የኔ፣ ድምፁም የኔ፣ ግጥሙም የኔ። ቅርጫት ኳስን ማንም አላስተማረኝም፤ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ በዓይኔ ነው የተማርኩት። የካ ውስጥ እንደኔ ያለ አስጨፋሪ አለ የሚል ካለ ያምጣውና እንተያይ።

ቡድናችን ድሮ ሁሉም የሚፈራው ቡድን ነበር። ከዚያ ተጫዋቾቹ አንዷ አገባች፣ አንዷ ወለደች፣ ሌሎቹ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ራቁ። አሰልጣኟ ሰላም ከሌላ ሰፈር የበሰሉ ተጫዋቾች መፈለግ ስትችል፣ "ከዜሮ እንጀምራለን" ብላ የሰፈሩን ተማሪዎች ሰበሰበች። ጠዋት ጠዋት በባህር ዛፉ መሃል እንጦጦን ታስሮጣቸዋለች። እኛ ደግሞ ሜዳ ቁጭ ብለን መሸነፍ ጀመርን።

አንድ ዓመት ቢሆን ምን አለበት። ሦስት ዓመት ተሸነፍን። መጀመሪያ አካባቢማ ልጆቹ ከደነገጡ ኳሱን ለዳኛው ያቀብሉ ነበር። አንድ ቀን የሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ቡድን ደጋፊዎች "ዛሬስ ጡጦ አልረሳችሁም?" አሉን። እኔ ደግሞ መልስ አጥቼ ስለማላውቅ እዚያው ቁጭ ብዬ ይህቺን አወጣሁ፦

ቡድናችን ሕፃን ነው፣ ገና ጥርስ ያወጣል፤
አሁን ይድኻል እንጂ፣ ነገ ይሮጣል።

ሕዝቡ ወደዳት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነች። ጨዋታው እንዳበቃልን ሲታወቅ ከበሮዬን እመታለሁ፣ ደጋፊው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ይወዛወዛል፣ ያሸነፍን ይመስል እየሳቅን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ጨዋታውን ሳይሆን ዘፈኗን ብለው ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ነበሩ። የድሮው ቡድን ዋንጫ ሲያነሳ እንኳ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ቤት ስገባ ግን ሌላ ነኝ። ባለቤቴን ትርሲትን "ይህቺ ሰላም ቡድናችንን ቀበረችው" እላታለሁ። በማግስቱ ደግሞ ስለ ሰላም ክፉ የተናገረ ደንበኛ ካለ ጎማውን ሳልሠራለት እመልሰዋለሁ። ለራሴም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ከሲ.ኤም.ሲ ልጆች ጋር ልንጫወት ጥቂት ቀን ሲቀረን ሰላም ጎሚስታ ቤቴ መጣች።

"ጋሼ መኮንን፣ ያቺን ዘፈን ይተዉልኝ" አለችኝ።

"የትኛዋን?" አልኳት፣ እያወቅኩ።

"ልጆቹ ሲሰሟት እጃቸው ይወርዳል። ጨዋታ ማለቁን የሚያውቁት በርስዎ ከበሮ ሆኗል፤ የነጥብ ሰሌዳውን አያዩትም።"

"ታዲያ ምን ልዝፈን?"

"ስናሸንፍ የሚዘፈን የለዎትም?"

የለኝም። ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ የትኛው ነጋዴ ያስቀምጣል?

"እንግዲያው ዝም ብለው ይዩን" አለች። "አንዴ ከጀመሯት ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከበሮውን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።"

እኔን። ከበሮዬን።

የጨዋታው ቀን ልጆቹ ምን በልተው እንደመጡ አላውቅም። የእንጦጦ ዳገት እግራቸው ላይ የት ተደብቆ እንደከረመ ያን ቀን አየሁት። አምበላችን ረድኤት የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ኳስ ይዛ ስትዞር ሁለት ተከላካይ እርስ በርስ ይጋጫል። ገና ከጅምሩ መራን። ከእረፍት በኋላም መራን። የሲ.ኤም.ሲ ደጋፊዎች ጡጦውን ረሱት።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ስንደርስ የነጥብ ሰሌዳውን ደጋግሜ አይ ጀመር። መምራት አልለመድኩማ። እጄ የሚያደርገው ጠፋው። በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ እሱኑ ሠራ። ከበሮውን መታሁ። አፌም ተከተለ፦ "ቡድናችን ሕፃን ነው..."

ደጋፊው ደግሞ ያሰለጠንኩት ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ተቀበለኝ።

ትርሲት ጎኔን ቆነጠጠችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ እየመራን እኮ ነው።"

ሜዳው ላይ ረድኤት ኳስ እንደያዘች ቆመች። ቀና ብላ አየችን። ፊቷ ላይ "ጋሼ፣ አለቀ እንዴ?" የሚል ነገር አነበብኩ። አንዷ የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ከእጇ ነጥቃ ሮጠችና አገባች። ወዲያው ደገመች። የልጆቻችን ሁሉ እጅ ወርዷል። ልዩነታችን አንድ ነጥብ ብቻ ቀረ።

ሰላም የእረፍት ጥያቄዋን ጨርሳለች፤ ጨዋታ ማስቆም አትችልም። የምታየው ደግሞ ሜዳውን ሳይሆን እኔን ነው። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝ።

ከበሮውን ላቁም አልኩ። ብተወው ዝምታው ይብሳል፤ ሰው የሞተ ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ አላቆምኩም፤ ምቱን አፈጠንኩት። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ይሄ ወጣ፦

ቡድናችን አደገ፣ ጥርሱንም አወጣ፤
ሲድኽ ያላገዘ፣ ሲሮጥ እንዳይመጣ።

ደጋፊው ግራ ተጋባ፤ አልተቀበለኝም። ብቻዬን ደገምኩት። ያኔ ትርሲት ተነሳች። እሷ ስትቆጣም ስትዘፍንም ከቀበና ወንዝ ማዶ ይሰማል። ተቀበለችኝ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ተቀበሉ። ሦስተኛው ላይ ሜዳው በሙሉ ተቀበለ።

ረድኤት ሳቀች። ከሩቅ ጥርሷን አየሁት። ኳሱ እንደገና ሲ.ኤም.ሲዎች እጅ ገብቶ ነበር፤ እጇን አጨብጭባ ልጆቹን ለመከላከል ወደ ኋላ ጠራቻቸው። የሲ.ኤም.ሲዋ ልጅ የመጨረሻውን ኳስ ወረወረች፤ የቅርጫቱን ብረት መታና ተመለሰ። ረድኤት ከሁሉም በላይ ዘልላ ያዘችው። ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ደረቷ ላይ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ አልለቅም አለች።

ሕዝቡ ሜዳ ሲገባ እኔ ከበሮዬን ከአንገቴ አውልቄ ሰላም ጋ ሄድኩ። ቃሏ ቃል ነው። ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰጠኋት።

"ይያዙት" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን እየሳቀች ነው። "ያቺ የመጀመሪያዋ ግን..."

"ተቀብራለች" አልኳት። "አርባዋም ወጥቷል።"

ከዚያ ወዲህ እናሸንፋለን፣ እንሸነፋለንም። በቀደም ተሸነፍን። ሰዉ ወደኔ ዞረና "ጋሼ፣ እስቲ ያቺን የድሮዋን" አለኝ። ከበሮውን ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኩት። ማንም አልዘፈነም። እንዲሁ ተበታተንን።

ማታ እራት አልበላ አለኝ። ትርሲት "ድሮ ተሸንፈህ ስትመጣ እኮ ደግመህ ነበር የምትበላው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያኔ ሽንፈት አያመኝም ነበር፤ ከእነዚያ ሕፃናት ምን ይጠበቃል ብዬ። አሁን ማሸነፍ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ያመኛል፣ ያንገበግበኛል። ጠዋት ጎሚስታ ቤቴን ከፍቼ ለመጀመሪያው ደንበኛ "ትናንት መሸነፍ አልነበረብንም" ስለው፣ እንደዚህ ማለት በመቻሌ ብቻ ደረቴ ይነፋል።