ከመርዶ በፊት የሚሰጥ ክኒን

ነጩን ጋዋኔን ሳላወልቅ ነው ከመድኃኒት ቤቱ የወሰዱኝ። «ፋሻውን ለማን ሸጥህ?» አሉኝ። «ቁስል ላለበት ሰው» አልኩ። አልወደዱልኝም።

ያሰሩኝ ክፍል ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። የጎንደር ብርድ ከሲሚንቶ ወለል ወደ አጥንት ሲወጣ ያወቅሁት ያን ለት ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡ ባለ ጋቢ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ልጄ፤ ይኸ ግድግዳ ሸጋ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ይሞቃል» አሉኝ።

ከአዲ አርቃይ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር፤ እሱ ሲታጣ እሳቸውን ያዙ። ልጁ ሲገኝ ይፈታሉ ተብሏል።

አንድ ቀን የአያ ወንድም የዳቦ ቆሎ ስንቅ ይዞ መጣ። እንዳይገባ ስለተከለከለ ስንቁን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ አርፏል፤ ቀብረነዋል። እኛ ወንድሜን እንዳናረዳው በር ዘጉብን፤ እናንተው አርዱልን» አለኝ።

መርዶ በእኛ አገር አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም፤ ተመካክሮ፣ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው። እኛም በሹክሹክታ መከርን። አያ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ እንኳ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በመካከላችን ለድባቴ አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ መምህር ነበር።

«ከእኔ ክኒን አንድ በሻይ እንስጣቸው። ደንዘዝ ሲሉ እንነግራቸዋለን» አለ። ሁሉም ተስማማ።

«አይሆንም» አልኩ። «ላንተ በሐኪም የታዘዘ ነው። ስሜትህን ያነሣልህም በአንድ ቀን አይደለም፣ ሳምንታት ወስዶ ነው። ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል። የእሳቸውን የልብ ምት ግን ሊያዛባው ይችላል።»

«መርዶውስ አይገድላቸውም?»

እኔም በእምቢታዬ ጸናሁ። ዛሬ ነገ ስንል ቀናት አለፉ። ጨካኝ ያሉኝም ነበሩ። በዚያው ሰሞን አያ ስለ ልጃቸው ማውራት ተዉ፤ እኛም ቀለለን።

በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ያለ ክኒን፣ ከበብናቸው። አያ አንድ በአንድ አዩንና «በሉ፣ ንገሩኝ» አሉ። መምህሩ ነገራቸው። አልጮኹም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«ያ ዳቦ ቆሎ የሚስቴ እጅ አይደለም» አሉ። «እሷ ጥቁር አዝሙድ ሳታደርግ ሠርታ አታውቅም። ጎረቤት ነው የሠራው። የእኔ ሚስት ምነው ከምድጃዋ ራቀች ብዬ ሳስብ፣ ለቅሶ ላይ መሆኗ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን፣ አያ?»

«መርዶ ሳይነገረኝ እንዴት ላልቅስ? ዛሬ ይነግሩኛል፣ ዛሬ ይነግሩኛል ስል ከረምሁ።»

ልቤ ተሰበረ። እኛ ልባቸውን ስንጠብቅ፣ እሳቸው እንባቸውን ይዘው ከጎናችን ሲተኙና ሲነሡ ሰንብተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው አለቀሱ። ዘብ «ፀጥታ!» ብሎ በሩን ሲደበድብ ድምፃቸውን ዋጡት፤ ትከሻቸው ግን አላረፈም። ዙሪያቸውን ተቀምጠን አብረን አለቀስን።

ሲበቃቸው ዳቦ ቆሎውን ፈቱ። «ለልጄ ነፍስ ቅመሱ» ብለው ከመምህሩ ጀምረው በእፍኝ አደሉን። እኛም «ነፍስ ይማር» እያልን ተቀበልን። ለራሳቸው አልዘገኑም።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ይኑሩ ይሙቱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ተፈትቼ ወደ መድኃኒት ቤቴ ተመልሻለሁ። አንዳንድ ጊዜ ዓይናቸው የቀላ ልጆች ይመጣሉ፤ «ነገ እናታችንን እናረዳለን፤ የሚያደነዝዝ ነገር ስጠን» ይሉኛል። ያለ ሐኪም እንደማልሰጥ፣ የሰው ክኒንም እንዳያስውጧት እነግራቸዋለሁ። ሊወጡ ሲሉ ግን አንድ ነገር ሳልጨምር አልሸኛቸውም።

«አታዘግዩት» እላለሁ። «ምናልባት አውቃ እየጠበቀቻችሁ ይሆናል።»