ከኮሶው ጉቶ ሥር

ደብረ ታቦር ለማስተማር በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት የቀበሌ ቤት ደረሰኝ። ጓሮው ውስጥ የትልቅ ኮሶ ጉቶ ነበር። ዛፉን እኔ ከመግባቴ በፊት ነፋስ ጥሎት ግንዱ ተፈልጦ ተወስዷል፤ ሥሩ ግን እንዳለ ቀርቷል። ነሐሴ ላይ ጉቶውን ዙሪያውን የማር ቀለም ያለው እንጉዳይ ወረሰው። ጎረቤቴ እማሆይ፣ "የጅብ ጥላ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ይጠፋል" አሉኝ። እንዳሉትም ጠፋ።

ከቤቱ ጋር የተረከብሁት፣ ከጉቶው አጠገብ የተደረደረው ጌሾዬ ግን መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ ለጉቶው የቀረበው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ውሃ ጠምቶት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጥቅምት ገና መግባቱ ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነበር። የደረቀውን ነቅዬ የሥሩን ልጥ በቢላዋ ብገፈው፣ ከልጡ በታች እንደ ስስ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈ ነገር አገኘሁ። ሽታው የእንጉዳይ ነው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንጉዳዩ ከላይ ቢጠፋም በሞተው የኮሶ ሥር ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ጌሾዬን እየበላው ነበር። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሥሩን እስከ ጫፉ ተከትሎ ማውጣት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዶማና መጥረቢያ ተበድሬ ጀመርሁ። እማሆይ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዘመን ጉድጓድ ይቆፈራል?"

"ሥር ነው የምነቅለው፣ እማሆይ።"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የሚያይሽስ ያውቃል?"

ገባኝ። ያኔ መሣሪያ ቀበረ፣ ወረቀት ቀበረ እየተባለ ሰው ከቤቱ ይወሰድ ነበር። ቢሆንም ወሬ ፈርቼ ጌሾዬን አላስበላም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ወገቤ ደረሰ። በዚያው ቀን ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ገቡ።

"ጓድ መምህርት፣ ምን ልትቀብሪ ነው?" አለ አለቃቸው።

ልቤ ድንግጥ አለ። ግን ከጉድጓዱ ሳልወጣ፣ "የምቀብረው የለኝም፤ የማወጣው ነው ያለኝ" አልሁና አንዱን ሥር በመጥረቢያ ሰንጥቄ ነጩን አሳየኋቸው። እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው፣ ከጉቶው እስከ ደረቀው ጌሾ በእጄ እየጠቆምሁ አስረዳኋቸው። አንደኛው ወርዶ አፈሩን በእጁ በረበረ፤ ምንም አላገኘም።

እማሆይም በአጥሩ ላይ፣ "ሦስት ቀን ሙሉ ስታወጣ እንጂ ስታስገባ አላየሁም" አሉ።

አለቃው የያዘውን ሥር አገላብጦ አየው። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ገጠር፣ ገሳይ ያለው የአባቴ ጌሾ እንዲህ ሆኖ ነው ያለቀው። እኛ የሰው ዓይን ነው ብለን ነበር። ምን ይሻለዋል?" አለኝ።

"ሥሩን አውጥታችሁ አቃጥሉት። ቦታው ላይ ለጥቂት ዓመታት ጌሾም ዛፍም አትትከሉ።"

ጉድጓዱን ስጨርስ እንድደፍነው አዝዘውኝ ሄዱ። 

እማሆይ ወዲያው መጡ። "በይ የእኔንም እይልኝ" አሉ። ሥሩ በአጥሩ ስር አልፎ እሳቸው ጓሮ ገብቶ ነበር። ከስምንቱ ጌሾዎቻቸው ሁለቱን ነቀልን። የወጣውን ሥር ከምረን አነደድነው። የእሳቸው ስድስቱም፣ የእኔ የተረፈውም ጌሾ በዓመቱ ለምልሞ አቆጠቆጠ፤ እኔም በኮሶው ቦታ ያ እንጉዳይ የማይነካውን ነጭ ሽንኩርት ተከልሁ።