ከመዝሙሩ በታች ያለው ክላርኔት

አባቴ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። መንግሥት ተቀይሮ ሠራዊቱ ሲበተን ክላርኔቱን የመንግሥት ንብረት ነው ብለው ተረከቡት፤ እሱ ባዶ እጁን ወደኛ ወደ ቡታጅራ መጣ። ገበያው አጠገብ ራዲዮና ቴፕ መጠገኛ ከፈተ። ከሃያ ዓመት የሙዚቃ ሕይወቱ የተረፈችው አንዲት ካሴት ነበረች።

ካሴቷ ላይ ያለው የኦርኬስትራው አለቃ የደረሰው ረጅም ሙዚቃ ነው፤ ቃል የለውም፣ አንዱን ገጽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አንድ ጊዜ ብቻ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጫውተውታል። መሃሉ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይልና አባቴ ብቻውን ይነፋል። እሁድ ከሰዓት ያሰማን ነበር። እዚያ ቦታ ሲደርስ "ይሄ እኔ ነኝ" ይለናል፤ ሁልጊዜ፣ ልክ እንደማናውቅ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ እኔና እናቴ ጌታን ተቀበልን። አባቴ አልተከተለንም፣ አልከለከለንምም። ያኔ አዲስ ያመነ ወጣት ሁሉ የዘፈን ካሴቱን እያመጣ ቸርች ግቢ ውስጥ ይሰባብር ነበር። አባቴን ብሞግተው "ቃል የለውም እኮ ልጄ፣ ምኑ ነው ዘፈን?" አለኝ። መልስ አጣሁ፤ መልስ ማጣቴ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እውነቱን ልናገር፣ የጨነቀኝ የእግዚአብሔር ነገር ሳይሆን መረታቴ ነበር።

ኳየራችን ስምንት መዝሙር አጥንቶ ሊቀዳ ሲል ባዶ ካሴት ጠፋ። የአባቴን ይዤ ሄድኩ። በላይዋ እንዳይቀዳባት ብሎ ጥርሷን ሰብሮ የከፈተውን የጀርባዋን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈንኩና ቀዳንባት። ሌሎቹ ይሰባብራሉ፣ እኔ ግን ለጌታ ሥራ አዋልኳት ብዬ ኮራሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ካሴቷን ከፈተ። የኔ ድምፅ ወጣ፤ መሪ ዘማሪዋ እኔ ነበርኩ። ጥቂት ሰምቶ ዘጋው። ድምፅሽ ጥሩ ነው አለኝና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እሁድ ከሰዓት ሙዚቃ አልተሰማም፤ ስለ ካሴቷም ማንም ትንፍሽ አላለም።

አሥር ዓመት አለፈ። እኔ ወልቂጤ አስተማሪ ሆኛለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ቡታጅራ በመጣሁበት ሰሞን አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ አባቴን ፈልጎ መጣ። የተረሱ የኦርኬስትራ ሥራዎችን የሚያሰባስብ ነው። አለቃው ከሞተ ቆይቷል፤ ዋናው ቅጂ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጥሏል፤ ኖታውም ጎደሎ ነው፣ የክላርኔቱ ገጽ ጭራሽ የለም። አሁን ሁሉም ቅርስ ቅርስ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እነዚያ ሙዚቀኞች በየአገሩ ሲበተኑ ማን ጠየቃቸው?

አባቴ ምንም የለኝም፣ በከንቱ ደከምክ አለው። ለኔ ብሎ እንደዋሸ ገባኝና አላስቻለኝም። ካሴት ነበረው፣ በላዩ የቀዳሁበት እኔ ነኝ አልኩና ከሣጥን አውጥቼ አመጣኋት። እንግዳው ልጅ ለማንኛውም እንስማት አለ።

ስምንቱንም መዝሙር ሦስታችን ቁጭ ብለን ሰማን። ያ ያኮራኝ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ጊታሩም በቅጡ አልተቃኘም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። መጨረሻው ላይ አንዱ አሳለ፣ ቴፑ ቋ አለ፣ ኦርኬስትራው ድንገት ክፍሉን ሞላው። መዝሙሩ ሙዚቃውን ሁሉ አልሸፈነውም ለካ፤ አራት ደቂቃ ያህል ተርፏል። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ወርቅ ነው፣ ወርቅ ነው እያለ እጄን ጨበጠኝ። እኔ ሞኟ ዕንባ አቅርሬ ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ።

"ይሄ መጨረሻው ነው" አለ አባቴ። "እዚህ ላይ እኔ የለሁም።"

ልጁ ደብተሩን ገልጦ፣ መሃሉ እንዴት እንደነበር ትንሽ እንኳ ቢያንጎራጉርለት በትሕትና ለመነው። አባቴ ተነስቶ በሩ ጋ ደረሰ።

"እሷን ጠይቃት" አለው። "እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ አሁን ያለችው እሷ ናት።"

ልጁ የምሩን መስሎት እስክሪብቶውን ይዞ ወደኔ ዞረ። ስንትና ስንት እሁድ የሰማሁት ነገር ነው፤ አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ መዝሙሩ ብቻ ነበር።