የመርማሪው ትንሿ ጣት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ሚስቴ ሽማግሌ ጠራችብኝ። ጥፋቴ ሲጋራ ማጨስ ነው። ያጨስኩት ደግሞ በቅናት ነው። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ላይ ቀለም መሸጫ አለኝ። ሚስቴ ትዕግስት ሰሞኑን ልጅ ሳለች ታየው የነበረ የድሮ ድራማ ዩቲዩብ ላይ አግኝታለች፤ ራት ከተበላ በኋላ እሱን ካልከፈተች አይሆንላትም። ድራማው ውስጥ ካፖርት የለበሰ መርማሪ አለ። የዚህ ሰውዬ ሥራ ማጨስ ነው። ስለ ሌባው ሲያስብ ያጨሳል፣ ሌባውን ሲይዝ ያጨሳል፣ ሲያመልጠው እንኳ ያጨሳል።

«አያያዙን እየው» ትለኛለች። «መጀመሪያ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሦስቴ መታ መታ ያደርጋታል። ከዚያ ትንሿን ጣቱን እጥፍ... አቤት ሲያምርበት።»

ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር «አምሮብሃል» ያለችኝ አንዴ ነው። እሱም በሠርጋችን ቀን፤ ሱፉ ደግሞ የኪራይ ነበር።

እናም ቀናሁ። በቴሌቪዥን ሰው ይቀናል ወይ እንዳትሉኝ፤ ይቀናል። ያውም አንጀት እስኪያር።

ሁለት ፍሬ ሲጋራ ገዛሁና ከሱቁ ጀርባ፣ ከቲነሩ ራቅ ብዬ ልምምድ ጀመርኩ። አንዷን ለኮስኳት። መለኮሱስ አላቃተኝም፤ ትንሿ ጣት ግን እምቢ አለች። ሌሎቹ ተዘርግተው እሷ ብቻ አትታጠፍም፤ ካላመናችሁ ሞክሩት። ሳሉ ደግሞ አለ። ሳሌን የሰማ አንድ ደንበኛ ቀለሙን ሳይገዛ ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ትዕግስት «ጃኬትህ ሲጋራ ሲጋራ ይላል» አለችኝ። እውነቱን ብነግራት መሳቂያ መሆኔ ነው፤ ዝም አልኩ። ዝም ስላት ጊዜ ባሰባት። በማግስቱ ጎረቤታችንን ኦቦ ገመቹን ጠራች። እዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ድሮ ድራማ ሲቀረጽ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ትዕግስት «እስቲ አንቱ ይምከሩልኝ፣ እኔን አልሰማ ብሏል» አለችና ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?»

እሳቸው ፊት መዋሸት አቃተኝ። «ኦቦ፣ ቀንቼ ነው» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። መርማሪውን፣ ካፖርቱን፣ ያቺን ጣት።

ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ጠጋ አሉኝ። «ይዘሃል?» አሉኝ። ኪሴ ውስጥ የቀረችውን አንድ ፍሬ ሰጠኋቸው።

ሳይለኩሷት አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ መታ አደረጓት። አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው መሃል ያዟት። ትንሿ ጣታቸው እጥፍ ብላለች። ድሮ የጋለ መብራት አቃጥሏት እንደታጠፈች የቀረች ጣት ናት፤ ለዓመታት አይቻታለሁ። በዚችው እጅ ጨብጠውኛል። አንድም ቀን ልብ አላልኳትም።

«ተዋናዩ ማጨስ አይችልም ነበር» አሉ። «አንዴ ሳብ ካደረገ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ስለዚህ እጁ ብቻ ሲቀረጽ ካፖርቱን የምለብሰው እኔ ነኝ። ፊቱ ሲቀረጽ ደግሞ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ጭሱን ሽቅብ እነፋለታለሁ። ዝናውን እሱ ወሰደ፣ ሳሉ ለእኔ ቀረ። ሐኪም ነው ያስጣለኝ።»

«ትዕግስት ታውቃለች?»

«ማን ይነግራታል? ማታ ማታ ስትከፍተው በአጥር ይሰማኛል። አንድ ቀን አሳያታለሁ እላለሁ፣ ደስ ይላታል።»

ደስ እንደሚላትማ እኔም አውቃለሁ። ጭንቀቴ እሱ ሆነ። ተዋናዩ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፤ እሳቸው ግን ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ናቸው።

ወዲያው የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። ትዕግስት ትሪ ይዛ እየመጣች ነው። ሲጋራዋ አሁንም እሳቸው እጅ ላይ ናት፣ ያቺም ጣት እንደታጠፈች... ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መንጭቄ አፌ ላይ ሰካኋት።

ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ሊመክሩህ በመጡት ሰው ፊት?» አለች። አልጮኸችም፤ የባሰው እሱ ነው።

ኦቦ ገመቹ እኔን አዩኝ። እሷን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሻዩን በግራ እጃቸው ጠጡ።

ዳግመኛ ሲጋራ እንደማልነካ ሁለቱም ፊት ማልኩ። ትዕግስት ግን አላመነችኝም። «እንግዲህ ኦቦ፣ ከራት በኋላ በየቀኑ እየመጡ ይዩልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ይመጣሉ። ሻይ ይቀርባል፣ ድራማው ይከፈታል፣ እኔ መሃላቸው እቀመጣለሁ።

«አያያዙን ያዩልኛል ኦቦ?» ትላቸዋለች።

«አያለሁ» ይላሉ፣ እጃቸው ከጋቢው ሳይወጣ።

መርማሪውንስ ሲብስብኝ ሪሞት አንስቼ አጠፋው ነበር... ኦቦ ገመቹን በየትኛው ሪሞት ላጥፋቸው?